አድራጊ፣ ተደራጊ፣ ተደራራጊ፤ የኒውተን ሦስተኛ ሕግ በቃላት ታሪክ

የአንድ ሳይንሳዊ ቃል ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ቃሉ ጽንሰ ሐሳቡን እንዴት እንዳገለገለ ለማሳየት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው ግን የተገላቢጦሹ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም አንድ ቃል ሊገልጸው የተመረጠለትን ጽንሰ ሐሳብ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ በከፊል ሲጋርድ የኖረበት ታሪክ ነው። ቃሉ በላቲን «ሬአክቲዮ»፣ በእንግሊዝኛ «ሪአክሽን» የሚባለው ሲሆን፣ ጽንሰ ሐሳቡ ደግሞ አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው ፕሪንኪፒያ በተሰኘው መጽሐፍ ሦስተኛ የእንቅስቃሴ ሕግ አድርጎ የደነገገው ነው። ጥያቄው ለታሪክ ጸሐፊዎች ብቻ የተተወ አይደለም። አንድ ተርጓሚ ይህን ቃል ወደ አማርኛ ሲመልስ ግርዶሹንም አብሮ ሊመልሰው፣ ወይም ቋንቋው ባለው መሣሪያ ሊያስወግደው ይችላል። ከሁለቱ አንዱን መምረጡ ግን አይቀርለትም።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ አሰያየም አንድ ነገር ማስገንዘብ ይገባል። በዕለት ተዕለት አነጋገር «ኃይል»፣ «ጉልበት»፣ «አቅም» እና «ብርታት» እርስ በርስ ይተካካሉ። በዚህ ጽሑፍ «ጉልበት» የሚለው ቃል የሚያገለግለው አንድን አካል በመግፋት ወይም በመሳብ እንቅስቃሴውን የሚለውጠውን ነገር ለመሰየም ብቻ ነው። በዚህ ረገድ የኤውሮፓ ቋንቋዎችም ቶሎ የጠራ ስያሜ ላይ አልደረሱም። ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1847 ዛሬ የኢነርጂ ዘላቂነት የሚባለውን መርሕ ሲያቀርብ የተጠቀመበት የጀርመንኛ ቃል «ክራፍት» ነበር፤ ይህ ቃል ዛሬ በጀርመንኛ ፊዚክስ የሚያመለክተው ጉልበትን ነው።

1. ከኒውተን በፊት

በአርስቶትልና ከእርሱ በኋላ በተነሡት ሊቃውንት ትምህርት የተፈጥሮ ለውጥ ይተነተን የነበረው በአድራጊና በተደራጊ ጥንድ ነው። እሳቱ ያሞቃል፣ ውሃው ይሞቃል፤ ቢላዋው ይቆርጣል፣ እንጨቱ ይቆረጣል። ላቲን ይህን ጥንድ «አጌሬ» (ማድረግ) እና «ፓቲ» (መደረግ፣ ድርጊትን መቀበል) በሚሉት ሁለት ግሦች ይገልጸው ነበር። በዚህ አስተሳሰብ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሁኔታ አንድ አድራጊና አንድ ተደራጊ ይበቃል።

ሆኖም አርስቶትል ራሱ የሚቆርጠው ነገር በሚቆረጠው እንደሚደንዝ፣ የሚያሞቀውም በሚሞቀው እንደሚቀዘቅዝ አስተውሏል። የመካከለኛው ዘመን ሊቃውንት ይህን የአድራጊውን መደረግ የሚጠሩበት ስም ባስፈለጋቸው ጊዜ፣ ቀደምት የላቲን ጸሐፊዎች የማያውቁትን «ሬአክቲዮ» የሚለውን ቃል በሥራ ላይ አዋሉት። ፒየትሮ ፖምፖናጺ እ.ኤ.አ. በ1515 ስለዚሁ ጉዳይ ራሱን የቻለ ድርሳን አሳትሟል። የቃሉን ረጅም ጉዞ ከፍልስፍና እስከ ሕክምናና ፖለቲካ ድረስ የተከታተለው ዣን ስታሮቢንስኪ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው መጽሐፍም በዚህ ረገድ ጠቃሚ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በሊቃውንቱ አገባብ ሬአክቲዮ የደካማው ወገን መልስ ነበር። እሳቱ ውሃውን ከሚያሞቀው ይልቅ ውሃው እሳቱን የሚያቀዘቅዘው ያነሰ ነው ተብሎ ይታሰብ ስለነበር፣ አሸናፊው አድራጊ፣ ተሸናፊው ተደራጊ መባላቸው አልቀረም። በመሆኑም ቃሉ ወደ ኒውተን እጅ ሲደርስ ሁለት ነገሮችን ተሸክሞ ነበር። አንደኛው የቅደም ተከተል ስሜት ነው፤ መጀመሪያ ድርጊት፣ ቀጥሎ መልስ። ሁለተኛው የማዕረግ ልዩነት ነው፤ ዋናው ድርጊት፣ ተከታዩ መልስ።

2. የሕጉ አደነጋገግ

ሕጉ የተወለደው ከግጭት ጥናት ነው። ሬኔ ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1644 ባሳተመው የፍልስፍና መርሖች ሁለት አካላት ሲጋጩ የሚሆነውን በደንብ ለመወሰን ሞክሮ ነበር። ከደንቦቹ አንዱ ትንሽ አካል በፍጥነት መጥቶ የቆመ ትልቅ አካልን ቢመታ፣ ፍጥነቱ የቱንም ያህል ቢሆን ትልቁን ሊያንቀሳቅሰው እንደማይችል ይገልጻል። ይህ ደንብ ከልምድ ጋር የሚጋጭ ነው፤ ምንጩም ትልቁ አካል ተቋቋመ፣ ትንሹ ተሸነፈ የሚለው የአድራጊና የተደራጊ አስተሳሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1668 እና በ1669 ጆን ዋሊስ፣ ክሪስቶፈር ሬንና ክሪስቲያን ሆይኸንስ ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ትክክለኛ የግጭት ሕጎችን አቀረቡ። ኒውተንም በፕሪንኪፒያ የእነዚህን ሰዎች ሥራ ጠቅሶ፣ እርሱ ራሱ 10 ጫማ ርዝመት ባላቸው ተወዛዋዥ ገመዶች ላይ ኳሶችን እያጋጨ ያደረገውን ሙከራ ዘግቧል። ከዚህም ሌላ ማግኔትና ብረት በየራሳቸው ዕቃ ተቀምጠው በረጋ ውሃ ላይ ቢንሳፈፉ፣ ከተሳሳቡና ከተገናኙ በኋላ አንዱ ሌላውን ሳይነዳ ጸጥ ብለው እንደሚቆሙ ገልጿል። ማግኔቱ ብረቱን የሚስብበት ጉልበት ብረቱ ማግኔቱን ከሚስብበት ቢበልጥ ኖሮ፣ ጥንዱ ከውጭ የሚገፋው ሳይኖር በራሱ መጓዝ በጀመረ ነበር።

አሁን ወደ ሕጉ አነጋገር እንመለስ። ኒውተን ሐሳቡን ያስቀመጠው በሁለት ክፍሎች ነው። በመጀመሪያው ክፍል አክቲዮና ሬአክቲዮ ዘወትር እኩልና ተቃራኒ ናቸው ይላል። በሁለተኛው ክፍል፣ በላቲን «ወይም፣ ይኸውም» የሚል ፍች ባለው አያያዥ አማካይነት፣ ያንኑ ነገር በሌላ መልክ ይደግመዋል፤ ሁለት አካላት እርስ በርሳቸው አንዱ በሌላው ላይ የሚያደርጉት ድርጊት ሁልጊዜ እኩል ሆኖ አቅጣጫው ተቃራኒ ነው። በመጀመሪያው ክፍል አካላት አልተጠቀሱም፤ ድርጊትና መልስ ብቻ ናቸው ያሉት። በሁለተኛው ክፍል ግን ሬአክቲዮ የሚለው ቃል ጠፍቶ «ሁለት አካላት» እና «እርስ በርስ» የሚሉት ገብተዋል። የሕጉ ትክክለኛ ይዘት ያለው በሁለተኛው ክፍል ነው፤ የመጀመሪያው ግን አጭርና ለቃል ጥናት የተመቸ በመሆኑ በየትምህርት ቤቱ የሚደገመው እርሱ ሆነ።

ኒውተን የሰጣቸው ምሳሌዎችም የሁለተኛውን ክፍል መንፈስ የያዙ ናቸው። ድንጋይን በጣቱ የሚጫን ሰው ጣቱ በድንጋዩ ይጫናል፤ በገመድ የታሰረ ድንጋይ የሚጎትት ፈረስም በዚያው መጠን ወደ ድንጋዩ ይሳባል። ድንጋዩ ፈቃድ ስለሌለው «መለሰ» ሊባል አይችልም፤ በጣቱና በድንጋዩ መካከል ያለው አንድ መጫጫን ነው፣ ሁለት ጫፍ ያለው።

3. በትርጉሞች ውስጥ

አንድሩ ሞት እ.ኤ.አ. በ1729 ባወጣው የእንግሊዝኛ ትርጉም የላቲኑን ጥንድ እንዳለ ወሰደው። ኤሚሊ ዱ ሻትሌ ሠርታው ከሞተች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1759 በታተመው የፈረንሳይኛ ትርጉምም እንዲሁ ሆነ። ሁለቱም ቋንቋዎች ከላቲን የወረሷቸው ቃላት ስለነበሯቸው ምርጫው ቀላል ነበር።

የጀርመንኛው ታሪክ ከዚህ ይለያል። ኢማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1786 ስለ ተፈጥሮ ሳይንስ መሠረቶች በጻፈው መጽሐፍ ሕጉን «ቪርኩንግ» እና «ጌገንቪርኩንግ»፣ ማለትም ድርጊትና ተቃራኒ ድርጊት፣ በሚል ጥንድ አቅርቦታል። ነገር ግን ጀርመንኛ «ቬክሰልቪርኩንግ» የሚል ሌላ ቃል ነበረው፤ ፍቹ እርስ በርስ የሚደረግ ድርጊት ነው። ዛሬ በጀርመንኛ የፊዚክስ መጻሕፍት ሦስተኛው ሕግ በዚህ ቃልም ይሰየማል። ስለሆነም የጀርመንኛ ተማሪ ከሕጉ ስም ብቻ ሁለት ወገኖች መኖራቸውን ሊረዳ ይችላል። ሩስያኛ «ዴይስትቪዬ» እና «ፕሮቲቮዴይስትቪዬ» በማለት ከካንት ጥንድ ጋር የሚመሳሰል መንገድ ተከትሏል።

ለእኛ ይበልጥ ትምህርት ሰጪ የሚሆነው የዘመድ ቋንቋዎች ልምድ ነው። በዓረብኛ ሦስተኛው ሕግ የሚጠራው «ፊዕል» እና «ረድ አል-ፊዕል» በሚል ነው፤ ይህም ድርጊትና የድርጊት መልስ ማለት ነው። ያው ቋንቋ የኬሚካዊ ለውጥን ሂደት ለመሰየም ግን ከዚሁ ሥር በተደራራጊ ቅርጽ «ተፋዑል» የሚል ቃል አውጥቷል። እንግዲህ ዓረብኛ ለፊዚክሱ ሕግ ይበልጥ የሚስማማውን ቅርጽ ለኬሚስትሪ ሰጥቶ፣ ለፊዚክሱ የመልስን ቃል አስቀርቷል ማለት ነው። የዘመኑ ዕብራይስጥም «ፔዑላ» እና «ትጉቫ» ሲል ሁለተኛውን ቃል መልስ ከሚል ፍች ወስዶታል።

በዚህ መካከል የአውሮፓው ቃል ከሳይንስ ውጭ ሌላ ሕይወት አግኝቷል። ቤንጃሚን ኮንስታን እ.ኤ.አ. በ1797 ስለ ፖለቲካዊ ሬአክሲዮን የጻፈው ድርሰት እንደሚያሳየው፣ ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ቃሉ ለውጥን የሚቃወምና ወደ ኋላ የሚጎትት እንቅስቃሴን ሰየመ። ይህ የፖለቲካ ፍች ወደ አማርኛ ሲገባ፣ በተለይም ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ወዲህ በሰፊው ሲሠራበት፣ የፊዚክሱን ጥንድ ጨርሶ ሳይነካ «አድኃሪ» ተብሎ ተተርጉሟል። አማርኛ ቃሉን ሳይሆን ፍቹን ተከትሏልና ይህ እንደ መልካም አርአያ ሊወሰድ ይችላል። አንድ የአውሮፓ ቃል በሁሉም ሙያ በአንድ የአማርኛ አቻ እንዲተረጎም የሚያስገድድ ምክንያት የለም።

4. ቃሉ ያስከተላቸው ስሕተቶች

ስለ ድርጊትና መልስ በሚናገረው አጭር አነጋገር ምክንያት ሦስት ስሕተቶች ጸንተው ኖረዋል።

የመጀመሪያው የጊዜ ስሕተት ነው። መልስ ከጥያቄ በኋላ ስለሚመጣ፣ ሰሚው ድንጋዩ ከተገፋ በኋላ ጥቂት ቆይቶ መልሶ የሚገፋ ይመስለዋል። በንክኪ ጊዜ ግን ሁለቱ ጉልበቶች አብረው ተነሥተው አብረው ያበቃሉ፤ የትኛው «ድርጊት»፣ የትኛው «መልስ» እንደሚባል የሚወስነው የተናጋሪው ምርጫ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የመጠፋፋት ስሕተት ነው። ሁለቱ እኩልና ተቃራኒ ከሆኑ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል፤ ታዲያ ጋሪው እንዴት ይንቀሳቀሳል? የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይመነጫል። መልሱ ሁለቱ ጉልበቶች በአንድ አካል ላይ አያርፉም የሚል ነው። ፈረሱ ጋሪውን ወደ ፊት ይስባል፤ ጋሪው ፈረሱን በእኩል መጠን ወደ ኋላ ይስባል። የጋሪውን እንቅስቃሴ ለማወቅ በጋሪው ላይ ያረፉትን ብቻ እንቆጥራለን፤ የፈረሱ ስበት መንኰራኩሩን ከሚይዘው ሰበቃ ከበለጠ ጋሪው ይነሣል። ፈረሱስ? በሰኮናው መሬቱን ወደ ኋላ ሲገፋ መሬቱ እርሱን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ይህ ግፊት ከጋሪው የኋሊት ስበት ከበለጠ ፈረሱም ይሄዳል። የጉልበቶቹ እኩልነትም የውጤቱን እኩልነት አያስከትልም። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ከቆመ 120 ኪሎ ግራም ጀልባ ላይ በሰከንድ 2 ሜትር ፍጥነት ቢዘል፣ የውሃው መቋቋም ካልተቆጠረ፣ ጀልባው በሰከንድ 1 ሜትር ወደ ኋላ ይሸሻል።

ሦስተኛው የጥንድ ስሕተት ነው። በጠረጴዛ ላይ ያለ መጽሐፍ ክብደቱ ወደ ታች፣ የጠረጴዛው ግፊት ወደ ላይ ነው፤ ሁለቱም እኩል ናቸውና የሦስተኛው ሕግ ጥንድ እነርሱ ናቸው የሚል አስተያየት በሰፊው ይሰማል። የእንግሊዝኛ መካኒክስ የድጋፍን ግፊት «ሪአክሽን» ብሎ መጥራቱ ይህን ስሕተት አባብሶታል። እውነተኞቹ ጥንዶች ሌሎች ናቸው፤ ምድር መጽሐፉን ትስባለች፣ መጽሐፉም ምድርን ይስባል፤ መጽሐፉ ጠረጴዛውን ይጫናል፣ ጠረጴዛውም መጽሐፉን ይገፋል። ጠረጴዛው ቢነሣ መጽሐፉ ይወድቃል፤ የምድርና የመጽሐፉ መሳሳብ ግን እንዳለ ይቀጥላል።

ስሕተቱ በተማሪዎች ላይ ብቻ እንዳልተወሰነ የሚያሳይ በጽሑፍ የቀረ ማስረጃ አለ። ሮበርት ጎዳርድ ሮኬት እስከ ጨረቃ ሊደርስ እንደሚችል ባመለከተ ጊዜ፣ ኒው ዮርክ ታይምስ ጃንዋሪ 13 ቀን 1920 ባወጣው ርእሰ አንቀጽ፣ ሮኬት በባዶ ጠፈር ውስጥ የሚገፋው ነገር ስለማያገኝ ሊሠራ አይችልም፤ ጎዳርድም የድርጊትንና የሪአክሽንን ግንኙነት አያውቅም ሲል ተሳልቋል። ጸሐፊው ሪአክሽንን የተረዳው ከኋላ ያለ ነገር የሚሰጠው መልስ አድርጎ ነበር። በእውነቱ ግን የሚገፋፉት ሮኬቱና ከራሱ ውስጥ የሚወጣው ጋዝ ናቸው፤ ሁለቱ ወገኖች ተሟልተዋልና አየር አያስፈልግም። ጋዜጣው እርማት ያወጣው ጁላይ 17 ቀን 1969፣ ማለትም አፖሎ 11 ወደ ጨረቃ በተነሣ ማግሥት ነው።

5. በአማርኛ ያሉት መሣሪያዎች

የግዕዝና የአማርኛ ሰዋስው መምህራን ግሥን በአምስት አዕማድ ሲከፍሉ ኖረዋል፤ እነርሱም አድራጊ፣ ተደራጊ፣ አስደራጊ፣ ተደራራጊና አደራራጊ ናቸው። ያዘ፣ ተያዘ፣ አስያዘ፣ ተያያዘ፣ አያያዘ የሚለው እርባታ ለዚህ በቂ ምሳሌ ነው። ከዚህ በላይ የተመለከትነው የሳይንስ ታሪክ በዚህ የሰዋስው ቋንቋ ሊጠቃለል ይችላል። የአርስቶትል ተፈጥሮ በአድራጊና በተደራጊ የተከፈለ ነበር፤ የኒውተን ሕግ በጉልበት ረገድ ብቻውን አድራጊ ወይም ብቻውን ተደራጊ የሆነ አካል የለም፣ ሁሉም ተደራራጊ ነው ይላል። የላቲን ግሥ ለዚህ ራሱን የቻለ ዐምድ ስላልነበረው፣ ኒውተን በሁለተኛው ክፍል «እርስ በርስ» የሚል ተውሳከ ግሥ መጨመር አስፈለገው። በአማርኛ ግን ገፋ ብሎ ተገፋፋ፣ ሳበ ብሎ ተሳሳበ፣ ደገፈ ብሎ ተደጋገፈ ማለት ሕፃንም የሚያውቀው ነገር ነው።

የተደራራጊው ቅርጽ ጥቅም ሁለተኛውን ወገን መጥራት ግድ ማድረጉ ነው። «ድንጋዩ ተገፋ» ብሎ ማቆም ይቻላል፤ «ድንጋዩ ተገፋፋ» ከተባለ ግን ሰሚው «ከማን ጋር?» ብሎ ይጠይቃል። «ድርጊት ግብረ መልስ አለው» የሚለው ዐረፍተ ነገር እንዲህ ያለ ጥያቄ አያስነሣም፤ አካላቱ ሳይጠሩ ይቀራሉ።

«አጸፋ» የሚለው ቃል የተለየ አስተያየት ይገባዋል። የግዕዙ ሥር ዐጸፈ ማጠፍን፣ መደረብን የሚያመለክት ሲሆን፣ የአማርኛው አጠፈና እጥፍ የዚሁ ዘመዶች ናቸው። በሥሩ ብንወስደው፣ ታጥፎ ሁለት እኩል ገጽ ያወጣ ጨርቅ ለሕጉ ተስማሚ ምስል በሆነ ነበር። ሆኖም የዛሬው ሰሚ አጸፋን የሚያውቀው «የአጸፋ እርምጃ» ከሚለው ነው፤ ይህም ብድር መመለስን፣ የዘሩትን ማጨድን ያሳስበዋል። ፍች የሚወሰነው በአገባብ እንጂ በሥር ብቻ አይደለምና፣ ቃሉ የጊዜን ስሕተት ከነሥነ ምግባራዊ ትርጉሙ ይዞ ይመጣል። በኬሚስትሪ መማሪያ መጻሕፍት የገባው «አጸግብሮት» በሙያው ክልል የተወሰነ በመሆኑ እንዲህ ያለ ጉዳት አላስከተለም።

ስለ ተደራራጊው ቅርጽ ያለውን ገደብም መደበቅ አይገባም። «ተሰዳደቡ» ሲባል በየተራ ሊሆን ይችላል፤ «ተማቱ» ሲባል የአንዱ ምት ከሌላው ሊበረታ ይችላል፤ «ተበዳደሩ» ሲባል አንዱ ሰጪ ሌላው ተቀባይ መሆናቸው ይታወቃል። እንግዲህ ቅርጹ የወገኖቹን ሁለትነት ይሰጣል፤ እኩልነትን፣ የአቅጣጫን ተቃራኒነትና በአንድ ጊዜ መሆንን ግን አይሰጥም። እነዚህን በብያኔው ውስጥ በግልጽ መጻፍ የመዝገበ ቃላቱ አዘጋጅ ሥራ ነው። የቃል ምርጫም ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ለምሳሌ «ተጓተተ» በዛሬ አገባብ ዘገየ ማለት ስለሆነ ለዚህ አገልግሎት አይበጅም።

6. ለመዝገበ ቃላት የሚቀርብ ሐሳብ

ለሕጉ ስያሜ የሚሆን ቃል በቅርብ ይገኛል። «መስተጋብር» የተደራራጊነትን ፍች የያዘ፣ ከግዕዙ ገብረ የተገኘና በዛሬው የአማርኛ ጽሑፍ የለመደ ቃል ነው። «ግብረ መልስ» ደግሞ አንድ ሥራ ከተከናወነ በኋላ ለሚሰጥ አስተያየትና ወደ መነሻው ለሚመለስ መረጃ ቢቀር ይሻላል፤ በዚያ ቦታ ቅደም ተከተል የፍቹ አካል ነውና። በመሆኑም የሚከተለው ብያኔ ይቀርባል።

የመስተጋብር ሕግ፦ ሁለት አካላት ሲገፋፉ ወይም ሲሳሳቡ፣ አንደኛው በሁለተኛው ላይ የሚያሳርፈው ጉልበት፣ ሁለተኛው በዚያው ጊዜ በአንደኛው ላይ ከሚያሳርፈው ጋር በመጠን እኩል፣ በአቅጣጫ ተቃራኒ ነው የሚል የኒውተን ሦስተኛ የእንቅስቃሴ ሕግ። ሁለቱ ጉልበቶች በተለያዩ አካላት ላይ የሚያርፉ በመሆናቸው አንዱ ሌላውን አያጠፋም።

ይህ ብያኔ የሚያገለግለው ለመካኒክስ ነው። በሚንቀሳቀሱ ኤሌክትሪካዊ ሙሎች መካከል ያለው ግንኙነት ጊዜ ወስዶ በመስክ አማካይነት የሚተላለፍ ስለሆነ፣ በዚያ ዘርፍ የሁለቱ ጉልበቶች እኩልነት በየቅጽበቱ ላይጠበቅ ይችላል፤ ተጠብቆ የሚኖረው አካላቱና መስኩ በአንድነት የሚይዙት የእንቅስቃሴ መጠን ነው።

የምርጫው ክብደት የሚታየው በክፍል ውስጥ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃው በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደንግጓል። በዚህ ሥርዐት ያለፈ ተማሪ ስለ ጉልበት መጀመሪያ የሚሰማው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲሆን፣ «አክሽን» እና «ሪአክሽን» የሚሉትን የሚያገኘው ኋላ ነው። አስቀድሞ መገፋፋትንና መሳሳብን የተማረ ልጅ የእንግሊዝኛውን ቃል ሲያገኝ ቃሉን በእውቀቱ ያርመዋል፤ አስቀድሞ አጸፋን የተማረ ልጅ ግን ሁለቱን ግርዶሾች ደራርቦ ይይዛል። ይህ የአማርኛ ብቻ ጉዳይም አይደለም። ኦሮምኛ ከግሡ በፊት «ወል» የሚለውን ቃል በማስገባት ተደራራጊነትን ይገልጻል፤ ትግርኛም የራሱ የተደራራጊ ቅርጽ አለው። በየቋንቋው የሚሠሩ ተርጓሚዎች ከእንግሊዝኛው ጥንድ ከመነሣታቸው በፊት የየቋንቋቸውን የግሥ እርባታ ቢመረምሩ፣ ሦስተኛው ሕግ የሚፈልገውን መሣሪያ በቅርብ ያገኙታል።